ደም መጣጩ ያልሞተበት ፊልም

“ዳር የተቀመጡት ሰውዬ ማን ናቸው?” አለች አንዲት ጎረቤት፣ የቡና ስኒዋን አፏ ላይ ደቅና።

“ጥርስ ሠሪው ናቸው” አለች የሟች ታላቅ እህት ሊጋያ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ለፊልም ክራንቻ ይሠሩለት የነበሩት።”

ጥርስ ሠሪው ኢሳጋኒ ሰማት። ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ በአገሩ ወግ ሬሳ ሳይቀበር ቀናት ይሰነብታል። ሟቹ ሩፊኖ ነጭ ስስ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሊፓ ከተማ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ሳሎን፣ ክፍት የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። ከሣጥኑ በላይ በተሰቀለው፣ የሐዘንተኛ ቤተሰብ በሚዘረዘርበት ጨርቅ ላይ የእህቱ፣ የወንድሙና የልጆቻቸው ስም በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። የኢሳጋኒ ስም የለበትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ማኒላ ውስጥ ከሩፊኖ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ፣ አስታምሞት፣ ዓይኑን የከደነለት እሱ ነበር።

“ብስኩት ይጨመርልዎት?” አለችው ሊጋያ በአጠገቡ ስታልፍ።

“ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።”

አምስት ዓረፍተ ነገር የማይሞላ ወሬ ነበር በእሱና በሊጋያ መካከል፣ ዘመናቸውን ሁሉ።

ሩፊኖ መጀመሪያ ወደ ኢሳጋኒ ሱቅ የመጣው ክራንቻ ሊለካ ነው። አፉን ከፍቶ እንደተቀመጠ፣ “ብዙ አታሹለው” አለው። “እኔ የምነክሰው ሰው መሳቅ አለበት።” ኢሳጋኒ ሳቀና ልኬቱ ተበላሸበት። ሩፊኖ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያም በማግሥቱ፣ የሚለካ ጥርስ ሳይኖረው።

ያን ጊዜ የሚያስፈራም የሚያስቅም የደም መጣጭ ፊልም ሲኒማ ቤቱን ሞልቶት ነበር። በእያንዳንዱ ውስጥ ወንድ የሚወድ አንድ ደም መጣጭ አይጠፋም። ፊቱን በዱቄት ነጭ አድርጎ፣ ካባውን እያወዛወዘ ቆንጆ ጎረምሳ ያሳድዳል፤ ሕዝቡ በሳቅ ይንፈራፈራል፤ ፊልሙ ሳይጋመስ ደረቱ ላይ እንጨት ይተከልበታል። ያንን የሚጫወተው ሩፊኖ ነበር። ከመጨረሻው በፊት በአሥራ አንድ ፊልም ተጫውቶ በአሥራ አንዱም ሞተ። እናቱ አንድ ጊዜ ከሲኒማ ሲወጡ፣ “ልጄን ሁልጊዜ ለምንድን ነው ቀድመው የሚገድሉት?” ብለው ሩፊኖን ጠየቁት። ሊጋያ ግን አንዱንም አላየችም። ገበያ ስትወርድ ጎረምሶች የወንድሟን አረማመድ እያሳዩ ይከተሏት ስለነበር፣ ፊልም የሚባል ነገር አስጠላት።

በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም የማያውቀው አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ሣጥኑ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ ሊጋያ መጣ።

“ሜልቾር እባላለሁ። ሹፌር ነበርኩ። ወንድምዎን በአካል አላውቃቸውም፤ በፊልም ነው።”

የሊጋያ ፊት ጠቆረ። የተለመደውን ቀልድ ጠበቀች።

“የመጨረሻውን ፊልማቸውን ያየሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው” አለ ሰውዬው። “እሳቸው የሚጫወቱት ደም መጣጭ፣ ሦስት መቶ ዓመት አብሮት ከኖረ ሌላ ደም መጣጭ ጋር ማዕድ ይቀርባል። ከንፈሩን ይጠርግለትና፣ ‘በልተሃል?’ ይለዋል። በቃ፣ ይህችን ብቻ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሬን ቆልፌ አለቀስኩ።”

“ለምን?” አለች ሊጋያ፣ ሳታስበው።

“እንደኔ ያለ ሰው ሸምግሎ፣ ከሚወደው ጋር ራት ሲበላ አይቼ አላውቅማ። ደም መጣጭም ቢሆን።”

ያ ትዕይንት ሲቀረጽ ኢሳጋኒ ቦታው ላይ ነበር። ጽሑፉ ሩፊኖ ከደረጃ ወድቆ ይሞታል ይላል። ሩፊኖ ግን አዘጋጁን፣ “አንዲት ትዕይንት በራሴ ልሥራ፤ ካልሳቁ ቁረጣት” ብሎ ለመነ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ፤ መብራት የያዘው ልጅ ዓይኑን ጠረገ። አዘጋጁም ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ሞቱን አስቀረው። ሩፊኖ ያልሞተበት ፊልም ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጠራው አዘጋጅ የለም።

“ያን ‘በልተሃል?’ ከየት አመጣው?” አለች ሊጋያ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል።

“ከቤት ነው” አለ ኢሳጋኒ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

“ከሱቅ ስገባ እንደዚያ ነበር የሚለኝ። ማታ ማታ። በመጨረሻው ሳምንት ውኃ መዋጥ አቅቶት እንኳ ይጠይቀኝ ነበር።”

ሊጋያ ወደ እሱ ጠጋ አለች። “እርስዎ ምን ይሉት ነበር?”

“በልቻለሁ እለው ነበር።” አለ ኢሳጋኒ። “ውሸቴን ነው።”

ሊጋያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን ስኒያቸው ላይ ተከሉ።

ጥቂት ቆይቶ ሜልቾር ኮፍያውን አድርጎ ተነሣ። ኢሳጋኒም ተከትሎት ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ሊጋያ እጅጌውን ያዘችው።

“የት ነው?”

“እስከ በር ልሸኛቸው።”

“ሐዘን የተቀመጠ ቤተሰብ እንግዳ አይሸኝም። ሞት ይከተላል ሲባል አልሰማህም?” አለችው። “ተቀመጥ።”

ኢሳጋኒ አያት። ከዚያ ተቀመጠ። ሜልቾር እጅ ነሥቶ ብቻውን ወጣ፤ የግቢው የብረት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ሊጋያ እጅጌውን እንደያዘች ነበር። አለቀቀችውም።