የታጠፈው ስንዝር

ሰው ሥዕል ለምን እንደሚገዛ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። የተማሩት ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ያወራሉ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ፍሬም ሠሪ ነኝ፤ ግን ሰዎች የገዙትን ሥዕል በብብታቸው ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ሠዓሊው ፊት የዋሹትን እኔ ፊት ይናዘዙታል። አንዱ የሶፋውን ትራስ ተሸክሞ መጥቶ ከሥዕሉ ሰማያዊ ጋር ሲያስተያይ ግማሽ ቀን አቁሞኛል። አንድ ሐኪም የግድግዳ ስንጥቅ የሚሸፍንለት ነበር የፈለገው፤ «የተሣለው ምንም ይሁን፣ ብቻ ቁመቱ እንዳያጥር» አለኝ። አንዷ ደግሞ ባሏ የሚጠላውን መርጣ ገዝታ ከአልጋው ፊት ለፊት ሰቀለችለት። እግዜር ያሳያችሁ።

ወንድሜ ሠዓሊ ነበር። ታናሼ ነው። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዳችን ከትምህርት መውጣት ነበረብን፤ ታላቅ እኔ ነኝና እኔ ወጣሁ። አናጢ ቤት ገባሁ። እኔ መጋዝ ስገፋ እሱ እርሳስ ቀረጸ። በዚህ አልተቀየምኩም፤ ታላቅነት ይኸው ነው። የተቀየምኩት ኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን ሲከፍት ፍሬሞቹን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ኮት ተውሼ ሄድኩ። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ከበውታል። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «እሳቸውስ?» ቢለው፣ ቤት ውስጥ «ጋሼ» እያለ የሚጠራኝ ልጅ፣ «ፍሬሞቹን የሠሩልን ናቸው» አለ። በቃ። ወንድሜ ናቸው የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ቸኩሎ ይሆናል። ደንግጦም ይሆናል። እኔ ግን የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የወንድሜን ሥዕል ላለማየት ለራሴ ቃል ገባሁ። ፍሬም መሥራቱን አልተውኩም። ብቻ አላይም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ቂም ይዤ ሚስማር መታሁ።

ለእኛ ሥራ ደግሞ ማየት የግድ አይደለም። ሸራ የሚወጠረው በደረቱ ተኝቶ ነው። ብርድ ልብስ ታነጥፍና ፊቱን ትደፋዋለህ፤ የውስጡን እንጨት ከጀርባው ታስቀምጣለህ፤ ጠርዙን በፒንሳ ስበህ፣ አጥፈህ፣ ትመታለህ። ጀርባውን እንጂ ፊቱን አታይም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጥቅል ሸራ ይዞ መጣ። «ይሄኛውን መጀመሪያ ዘርግተህ እየው፣ ጋሼ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። አላየሁትም።

አንድ ደንበኛ አዝዞ ሳይወስደው የቀረ ፍሬም ነበረኝ። ወርዱ ከሸራው በስንዝር ተኩል ያንሳል። ለእሱ ብዬ አዲስ እንጨት አላባክንም አልኩና ትርፉን ወደ ኋላ አጠፍኩት። ሠርቼ ስገለብጠው እናታችን ሆና አገኘኋት። በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የታጠበ ልብስ ጭኗ ላይ ክምር ብሏል፤ ፊቷን ወደ ጎን መልሳ የሥዕሉን ዳር ታያለች። እናታችን ፎቶ አልነበራትም። እንባዬ መጣ። ወዲያው ደግሞ ንዴቱ ተከተለ፤ እሷን ሲያስታውስ እኔን እንዴት ረሳኝ ብዬ።

ወንድሜ ሊወስደው መጥቶ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።

«እንዲህ ይሻላል ትላለህ፣ ጋሼ?»

«ይሻላል። ትርፍ ምን ያደርጋል?»

ፊቱ ልውጥ አለ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሎቹን ሌላ ፍሬም ሠሪ ዘንድ መውሰድ ጀመረ። ይህችንም ከቂሜ ላይ ደረብኳት። እንደተኮራረፍን ሁለት ዓመት አለፈ፤ ባለፈው ክረምት ልቡ ቀጥ አለ።

ከለቅሶው በኋላ ሚስቱ «ጋሼ፣ ከሥዕሎቹ አንዱን ለማስታወሻ ይውሰዱ» አለችኝ። የምፈልገው አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴን። ግን እንግዳ ፊት ነበር ያለችኝ። ኮራሁ። «ፍሬም ሠሪ ሥዕል ምን ይሠራለታል?» አልኳት። ደግማ ትለምነኛለች ብዬ ነበር። እሷ ደግሞ ሐዘን ያደከማት ሴት ናት፤ አልለመነችኝም። ሥዕሎቹ ተሸጡ።

ባለፈው ወር አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ የሱቄን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። የያዙትን ከሥዕሉ በፊት በፍሬሙ ማዕዘን አወቅሁት፤ የእኔ እጅ ነው።

«ፍሬሙ ከበደኝ፤ ቀለል ያለ ይሥሩልኝ» አሉኝ። «ሳምንት ይበቃዎታል?»

«ይበቃኛል፣ እትዬ።»

ሲወጡ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። እንዴት ላስቀረው የሚል እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። የታጠፈው ሸራ እየተንጣጣ ተዘረጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ሥዕል ሳይታጠፍ፣ ሙሉውን አየሁ።

በሥዕሉ ጨለማ ዳር፣ በር ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። ቁመቱን የሚያህል መጋዝ ይዟል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት፤ ከአጥር ወድቄ ያተረፍኩት፣ ዛሬም ያለኝ ጠባሳ። እናቴ የምታየው እሱን ነው። ወንድሜ ራሱን ሥዕሉ ውስጥ የትም አልሣለም።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «እንዲህ ይሻላል ትላለህ?» ያለኝ ለካ ስለ ፍሬሙ አልነበረም። እኔ አይቼ፣ አስቤ፣ ራሴን አጥፌ የጣልኩት መስሎት ሄደ። መስሎት ሞተ።

ሸራውን ሰፋ ባለ እንጨት ወጥሬ ጠበቅኋቸው። ሴትየዋ መጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«እዚያው ነበር፣ ታጥፎ። ሠዓሊው የሣለው እንዲህ ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ይህን አልገዛሁም።»

«ምን ነበር የገዙት?»

«ልጄ ከቤት ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ደውሎ አያውቅም። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ በሩን አያለሁ። ሥዕሎቹ የሚሸጡበት አዳራሽ ስገባ ይቺ ሴትዮ ማንም የሌለበትን ቦታ ስታይ አገኘኋት። እህቴን ያገኘሁ መሰለኝ። የእሷ ልጅ መጥቶላታል እንዴ ታዲያ?»

«እየመጣ አይደለም፣ እትዬ። እየሄደ ነው።»

«ቢሆንም አለ» አሉ። «ታየዋለች።»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። «እንግዲያው ለእኔ ይሽጡልኝ።»

«ለእርስዎ? እርስዎ ምኑ ነዎት?»

ልጁ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሴትየዋ ክፉ አልነበሩም፤ ብናገር ኖሮ ይተዉልኝ ይሆናል። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። ስከፍተው የወጣው ግን ሌላ ነው፤ «ፍሬሙን የሠራሁት ነኝ» አልኩ።

«እሱንማ አወቅሁ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ልጁን አንዴ አዩት። «መልከ መልካም ነው፤ አይክፋዎት። ግን እሱ ካለ እኔ ምን አለኝ? እንደነበረ ይመልሱልኝ።»

ብርድ ልብሱን አነጠፍኩ። ሥዕሉን በደረቱ አስተኛሁት። አሮጌውን እንጨት መለስኩና ስንዝር ተኩሉን ወደ ኋላ አጠፍኩት። አዲስ ቀዳዳ አላስፈለገም፤ ሚስማሮቹ በድሮ ቀዳዳቸው ገቡ። ቀጭን ፍሬም አለበስኩትና ታክሲው ድረስ ተሸክሜ ከኋላ ወንበር አስደግፌ አስቀመጥኩላቸው።

«እጅዎ ይባረክ» አሉኝ።