የሙናዊር ጎን

ነርሷ ናኢማ በሽተኛ ለመያዝ ሰው ቤት ስትገባ አስቀድማ የምትጠይቀው የድሮ የሕክምና ወረቀት ነው። እትዬ ዙህራ ቤት ግን ሳትጠይቅ ሦስት ቀን ዋለች። ሥራው ፋታ አልሰጣትም፤ እውነቱ ከተነገረ ደግሞ ፋታ ያልሰጧት ሴትዮዋ ናቸው።

ቤቱ ጎጃም በረንዳ፣ ከዘይትና ከሳሙና ጅምላ መደብር በላይ ያለ ጠባብ ፎቅ ነው። መደብሩን የምታስኬደው ብቸኛ ልጃቸው ሱሀይር ናት። እትዬ ዙህራን ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው በድን ሆኗል። አንደበታቸው ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ድሮው ነው። ተኝተው እንኳ ከታች የመጣውን ደንበኛ በድምፁ ይለያሉ፤ የማይወዱት ሰው ከሆነ በደህና እጃቸው ከዘራውን አንስተው ወለሉን ይደበድባሉ። ሱሀይር ዋጋ እንዳትቀንስለት ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው።

ለናኢማ ሁሉንም ታዘዙላት። ገላቸውን ታጠቡ፣ በማንኪያ ይብሉ ሲባሉ በሉ፣ የሞተውን እጃቸውን ስታሠራላቸው እየተሳደቡም ቢሆን ቻሉ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አሉ። በቀኝ ጎናቸው መተኛት።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ግን፣ አጥንቱና ፍራሹ መሀል የገባው ሥጋ ደም አጥሮት ይሞታል። ናኢማ በጀርባ፣ በግራ፣ ደግሞ በጀርባ እያደረገች ሦስት ቀን አታለለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስታጥባቸው ግራ ዳሌያቸው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቅላት አገኘች። በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ደህና ገላ ቢሆን ነጣ ብሎ ይመለስ ነበር። ይሄ አልነጣም። እሳቸው በዚያ ጎን ምንም ስለማይሰማቸው ለምን እንደዘገየች ብቻ ነው የጠየቋት።

«እትዬ ዙህራ፣ ዛሬ በቀኝ መተኛት የግድ ነው። ቁስል ሊጀምርዎት ነው።»

«ነገርኩሽ እኮ። እዚያ ጋ ሙናዊር አለ።»

ባለቤታቸው ሙናዊር ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያው አልጋ፣ በሚስታቸው በስተቀኝ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ተኝተዋል። ራሳቸውን ያሳረፉበት ቦታ ላይ የግድግዳው ቀለም እስካሁን ወዝቷል። ሱሀይር በእናቷ ነገር ሲመርራት ራስጌውን ግርጌ አድርጋ አልጋውን አዙራው ነበር።

«አብሮ ዞረ» አሉ እትዬ ዙህራ። እሷም አልጋውን ወደ ቦታው መለሰችው።

ናኢማ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ፊታቸውን አይታ ዋጠችው። ተማሪ ሳለች የተነገራትም ትዝ አላት፤ በሽተኛ የማይታይ ነገር አየሁ ካለሽ አትሟገቺው፣ አብረሽውም አትዪ፣ ምን እንደሚሰማው ጠይቂው።

«ምን ይሉዎታል?»

«‹ዙህራ፣ ጀርባዬ ነደደ› ይለኛል። ሌላ ወሬ የለውም።»

ናኢማ እጅ ላይ ያለው ፎጣ ውሃው ሲንጠባጠብ ቆየ። ይህን ቃል ታውቀዋለች። ለሦስት ዓመት ቤቷ ድረስ ሲከተላት የኖረ ቃል ነው። ግን ስንቱ በሽተኛ ጀርባዬ ነደደ ይላል ብላ ራሷን አረጋጋች፤ ልቧን ሌላ ሥራ ልታስይዘው ሱሀይርን ጠርታ የድሮ ወረቀት ካለ አምጪልኝ አለቻት።

ሱሀይር አንድ የጠገበ ፌስታል ይዛ መጣች። የቤተሰቡ ራጅ፣ ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከመሀሉ በአራት የታጠፈ፣ ጥጋጥጉ ላይ ፕላስተር የቀረበት ወረቀት ወጣ። ናኢማ ዘረጋችው። የጎን መቀየሪያ ቅጽ ይላል። አልጋ ዘጠኝ። ከጠዋቱ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አስር ሰዓት። በየሳጥኑ ውስጥ ፊርማ አለ፤ ጅራቱ ወደ ታች የረዘመ «ና»። የራሷ ፊርማ ነው።

ናኢማ ሆስፒታል ትሠራ የነበረበት፣ የወረርሽኙ ወራት ነበር። አርባ በሽተኛ ለሁለት ነርስ። ሁሉም ሰው አፍና አፍንጫውን ስለሸፈነ ማንም የማንንም መልክ አያውቅም፤ በሽተኛም የሚጠራው በአልጋ ቁጥሩ ነው። በዚያ ክፍል አንድ ልማድ ነበረ። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ በፈለገችው ሰዓት እየዞረች ባዶ ሳጥን ካየች ስለምትቆጣ፣ ተረኛዋ ነርስ የቀኑን ሁሉ ፊርማ ማለዳ አንድ ላይ ትጨርሰዋለች። ማገላበጡ ሲመች ይደርሳል። አንዳንድ ቀን ይደርስ ነበር። አልጋ ዘጠኝ «ሲስተር፣ ጀርባዬ ነደደ» ሲሉ ናኢማ እያለፈች «መጣሁ» ትላቸው ነበር። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ይህንን ሰበብ ለራሷ ስንት ጊዜ እንደነገረችው አላህ ይወቀው፣ አንድም ቀን ግን አላሳረፋትም።

«ይሄን ለምን አስቀመጡት?» አለች።

«ላሳየው ነዋ። በቀን አንድ ጊዜ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር የሚያስገቡኝ። ‹ጀርባዬ ነደደ፣ ከነጋ ጀምሮ ማንም አልነካኝም› ይለኛል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አነብለታለሁ። ይኸው ሁለት ሰዓት ተገላብጠሃል፣ ይኸው አራት ሰዓት፣ ተፈርሟል እለዋለሁ። በሽታው ያስቀባዥረዋል ብዬ» አሉ እትዬ ዙህራ። «አንድ ቀን ተቆጣሁት። ‹ልጆቹ እየለፉልህ ምን ያስዋሽሃል?› አልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ውሸት ያልሰማሁበትን ሰውዬ! ከዚያ ወዲያ አልነገረኝም። ፊቱን አዙሮ ተኛ። ሲሞት ያጠቡት ሰዎች ጀርባውን አይተው ወጥተው አለቀሱ።»

ሱሀይር በሩ ላይ ቆማ ወለሉን ታያለች።

«እስከ ዛሬ አልገባኝም» አሉ እትዬ ዙህራ። «ወረቀቱ ነው እውነቱ፣ ወይስ ሙናዊር? ሙናዊር ከሆነ፣ በምን ፊቴ ወደሱ ልዙር?»

ናኢማ መውጫው ታይቷታል። ወረቀቱ ልክ ነው፣ በሽታ እንዲህ ያደርጋል ብትላቸው ሴትዮዋ ቀለል ይላቸዋል፣ ይዞራሉ፣ ቁስሉም ይቀራል። እንጀራዋ አይነካም፣ የነርስነት ፈቃዷም አይነካም። ሰውዬው ብቻ እንደዋሹ ይቀራሉ። ፈራች። በጣም ፈራች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ፊርማው የኔ ነው» አለች።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ማለዳ አንድ ላይ እንደምትፈርም፣ መጣሁ እያለች እንደምታልፍ። ሱሀይር መጀመሪያ የሰማችውን ማመን አቃታት፤ ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ውጪ! ከቤቴ ውጪልኝ!»

ከዘራው ወለሉን መታ። «ዝም በይ ሱሀይር።» እትዬ ዙህራ ዓይናቸውን ናኢማ ላይ ተከሉ። «ታዲያ አልዋሸም?»

«አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ድምፅ ሳያወጡ ብዙ አለቀሱ። ከታች ተሸካሚዎች ገለል በሉ እያሉ ይጮሃሉ፣ የጋሪ ጎማ ይንጫጫል። በመጨረሻ «አዙሪኝ» አሉ።

ናኢማ ሱሀይርን አየቻት።

«እሷን ምን ታዪያታለሽ? ያላዞርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አዙሪኝ።»

የግራ ጉልበታቸውን አጠፈች፣ አንድ እጇን ትከሻቸው ላይ ሌላውን ዳሌያቸው ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው። ጀርባቸውን በትራስ ደገፈች፣ ጉልበትና ጉልበታቸው መሀል ሌላ ትራስ አስገባች። እትዬ ዙህራ ከወዛው ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ገጠሙ። ትንፋሻቸው ፈጠነ።

«አለ» አሉ በሹክሹክታ። «ለኔ የነገርሽኝን ለሱ ንገሪው።»

ናኢማ ከላያቸው ጎንበስ አለች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ማጅራቷ ግን ቀዝቅዟል።

«አልጋ ዘጠኝ...» ብላ አፏን ያዘች። እንደገና ጀመረች። «ጋሼ ሙናዊር። አላገላበጥኩዎትም። ነግረውኝ ነበር፤ እውነትዎን ነበር። አፉ ይበሉኝ።»

እትዬ ዙህራ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ምን አሉ?» አለች ናኢማ፣ ሳታስበው።

«ዝም አለ። አፉ ብሎሽ ይሁን ተቆጥቶ፣ እሱን እኔ አላውቅልሽም።» ደህና እጃቸውን እንደምንም አውጥተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ቀጥለው ያሉት ለናኢማ አልነበረም። «አምኜሃለሁ፣ የኔ ጌታ። ዘገየሁ እንጂ አምኜሃለሁ።» ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ናኢማና ሱሀይር ሁለት ሰዓት ሙሉ አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ናኢማ ወደ ጀርባቸው መለሰቻቸው፤ ቅላቱን ጫን ስታደርገው በጥቂቱ ነጣ። የማገላበጫ ቅጽ አውጥታ እስክሪብቶዋን ስታነሳ እትዬ ዙህራ ነቅተው እጃቸውን ዘረጉ። ሳጥኑ ላይ ራሳቸው ፈረሙ።

«ነገም ነይ» አሉ። «ካሁን በኋላ ግን የምፈርመው እኔ ነኝ። የማታውን ሱሀይር ታገላብጠኛለች።»

ሱሀይር ናኢማን እንዳታባርራት እናቷ በዓይናቸው ከለከሏት። ናኢማ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃው ጨለም ብሏል፤ ከታች ባለመደብሮች መዝጊያቸውን እያወረዱ ነው። ሦስት ደረጃ ወርዳ አራተኛው ላይ አንድ ድምፅ ከጀርባዋ ጠራት።

«ሲስተር።»

የወንድ ድምፅ ነው። እዚያ ቤት ወንድ የለም።

«ሲስተር፣ ጀርባዬ ነደደ።»

የደረጃውን ብረት ጨበጠች። ልትሮጥ ትችል ነበር፤ የታክሲ ረዳት እንኳ ከበሩ ላይ ይጮሃል።

«መጣሁ» አለች፣ ዞራም ወደ ላይ ወጣች።