የሻይ ሻጩ ምስክርነት

«ሰፈሩ ሁሉ አውፍ ብሎታል። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ሙዐዊያ ከመጋረጃው ማዶ ቆመው።

ናጅዋ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ባሏ ሷሊሕ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐጂ ይቅር እንድትለው ሲጠይቋት ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። መጀመሪያ የጠየቋት ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ነበር፤ ያኔም ዝም ብላለች። ለቀስተኛው «ሐዘኑ አፏን ይዟት ነው» አለ። ሐጂ ግን የነገሩን ሥር ያውቃሉ።

«ከዐስር ሶላት በኋላ ዱዓ አድርገን እንበተናለን» አሉ። «ሐቅሽን ተሸክሞ አይቅር። እስከዚያ አስቢበት።»

አስቢበት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ምን ስታስብ ኖረችና!

ሸዋ ሮቢት ሷሊሕን የምታውቀው በአፉ ነው። መናኸሪያው ጀርባ፣ በዚያ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ በሚግልበት ቪዲዮ ቤት፣ ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና የህንድ ፊልም ይተረጉማል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ሽማግሌም ኮረዳም ሽፍታም እሱው ነው፤ ሲያስፈልግ ያለቅሳል፣ ሲያሻው ይዘፍናል። አልፎ አልፎ ከፊልሙ ይልቅ እሱን ለመስማት የሚገባ ነበር ይባላል። ቤቱ ሲገባ ግን ዲዳ ነው። «እራት ቀርቧል» ትለዋለች። «ቢስሚላህ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሰፈሩ ውሻ ጩኸት ብቻ ነው። ከሰው ጋር እየኖሩ ብቻን መሆንን ናጅዋ እንደሚገባው ተምራዋለች።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በከብት ገበያ ነው። ሁለት ሰዎች ተጣሉ፤ አንዱ በሽመል አናቱን ተመትቶ ሞተ። የናጅዋ ወንድም ሰዲቅ ሊገላግል መሐል ገብቶ ነበርና እሱ ተያዘ። መቺው የባለጊዜ ዘመድ ስለነበር ከገበያተኛው ማንም ትንፍሽ አላለም። ሷሊሕ እዚያው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ችሎት ቀርቦ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ «ፊቴን አዙሬ ነበር፤ አላየሁም።»

ሰዲቅ ተፈረደበት። በአራተኛው ዓመት እዚያው እስር ቤት ታሞ ሞተ። ናጅዋን እናት አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነበር፤ ባሏን ትታ የምትገባበት ሌላ ቤት አልነበራትም። ቀረች። ባሏን አልሰደበችውም፣ አልረገመችውም። ብቻ ከ«እራት ቀርቧል» በቀር ማናገር ተወች፤ እሱም ተወ።

ከሰዓት በኋላ ደጅ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን ወሬ በመስኮቱ መግባት ጀመረ። ሦስተኛ ቀን ነውና ጎረምሶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል።

«ያቺ የችሎቷ ፊልም ትዝ ትልሃለች? ስንቴ አየናት?»

«እኔ እንጃ! ሻይ ሻጩ ሲመሰክር ስንቱ አልቅሷል!»

«ሰዲቅ ምስኪኑ! እጁ ባዶ እንደነበር እያወቁ...»

ናጅዋ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠች። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ ሷሊሕ እህት ዞረች።

«ራህመት፣ አሁን የተናገረውን ልጅ ጥሪልኝ።»

የመጣው ባጃጅ ነጂው ጁነይድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ሰዲቅ ሲታሰር ገና ትንሽ ልጅ ቢሆን ነው። ናጅዋ ባሏ የሞተባት ሴት ከወንድ የምትከለልበት ዒዳ ላይ ስለሆነች ከመጋረጃው ማዶ ቀረ።

«እትዬ ናጅዋ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት። በሳቃችን ቅር ብሎዎት ከሆነ...»

«ሰዲቅ ያልከው ማን ነው?»

«ኧረ ፊልም ነው፣ እትዬ! ህንዳዊ ነው። ኮኮናት ለቃሚ ድሃ ነው፤ ባለርስቱን ገደልክ ብለው ያለ ጥፋቱ ይከሱታል። ያየው ሻይ ሻጭ አለ። እሱ ምስክር ሳጥን ውስጥ ይገባና...» ትንሽ አመነታ። «ጋሼ ሷሊሕ ሲሉት ነበር መስማት።»

«አንተ በልልኝ።»

«ምኑን?»

«እሱ የሚለውን። እንዳለው አድርገህ።»

ጁነይድ ጉሮሮውን ጠረገ። ከማዶ የመጣው ድምፅ የጁነይድ አልነበረም። ሴቶቹ ደንግጠው ተያዩ፤ ራህመት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የተከበሩ ዳኛ፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ። ፊቴን አላዞርኩም። ሰዲቅ እጁ ባዶ ነበር፤ ሊገላግል ነው የገባው። ፈርቼ ነው። ዛሬ እህቱ እራት ስታቀርብልኝ እጇን አያለሁ፤ ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት ግን ወኔ የለኝም። በእኔም ላይ ፍረዱ።»

ጁነይድ ወደ ራሱ ድምፅ ተመለሰ።

«የሚገርምዎት፣ ሻይ ሻጩ ከሳጥኑ ወርዶ ሄዶ፣ ጠበቆቹ እየተጨቃጨቁ፣ ጋሼ ሷሊሕ ገና የሱን ይናገራሉ። ማንም ግድ አልነበረውም። 'ታዲያ ድሃው ለምን ይፈረድበታል?' ስንላቸው 'ዘግይቶ የመጣ ምስክር ነዋ!' ይሉናል። ደግሞ ፊልሙ ላይ እህት የምትባል የለችም። 'እህቱ የታለች?' ስንል 'ክፍል ሁለት ላይ ትመጣለች' ይሉናል። ክፍል ሁለትን አምጡ እያልን ስንነዘንዛቸው ኖርን።»

ናጅዋ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ቀረች።

«አምና ፊልሙን ስልኬ ላይ አገኘሁት» አለ ጁነይድ። «ቋንቋው ታሚልኛ ነው ለካ፤ የጋሼ ትንሽ ህንድኛ አትነካውም። ሥሩ የተጻፈውን እንግሊዝኛ እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ሰውየው ሰዲቅ አይባልም፤ ሴልቫም ነው ስሙ። ሻይ ሻጩም 'አላየሁም' ብሎ ነው የሚወርደው። ያን ሁሉ ከራስዎ ነው ያመጡት ብዬ ልስቅባቸው ብመጣ፣ ታመው ተኝተው አገኘኋቸው። ተውኩት።»

«ፊልሙ አሁን አለ?»

ስልኩ በራህመት እጅ ገባላት። ጁነይድ ያን ቦታ ፈልጎ አቁሞታል፦ ግንባሩ በላብ የራሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆሞ አፉን ሊከፍት ሲል።

«መሐሉን ይንኩት፣ ይናገራል።»

አልነካችውም።

ከዐስር ሶላት ሲመለሱ የሐጂ ከዘራ በሩ ላይ ቆመ። ጥያቄውን እስኪደግሙ አልጠበቀችም።

«ሐጂ፣ የሰዲቅን ሐቅ እኔ አውፍ ልል አልችልም። ሰዲቅ ነው የሚለው፤ አኺራ ላይ ይነጋገሩበት።»

«እውነትሽን ነው።»

«የኔን ግን አውፍ ብዬዋለሁ።» ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «ያን ሁሉ ለመንገደኛ ሲናገር ኖሮ! ለኔ አንዲት ቀን፣ አንዲት ቃል... ቆርቆሮው ሥር ሄጄ ብቆም እሰማው ነበር እኮ። አንድ ቀን እግሬ አላደረሰኝም። በሉ፣ እሱንም አውፍ ብዬዋለሁ። እሱም እኔን ይበለኝ።»

«አላህ ይቀበልሽ» አሉ ሐጂ።

ውጭ ዱዓው ተጀመረ። ሴቶቹም መዳፋቸውን ዘረጉ። ናጅዋ አንድ እጇን ብቻ ዘረጋች፤ በሌላው ስልኩን ይዛለች። ራህመት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ልክፈትልሽ?»

«ተዪው። 'አላየሁም' ይላል።»

የስልኩ ብርሃን መደብዘዝ ጀመረ። ሻይ ሻጩ አፉን ሊከፍት እንዳለ ሊጨልምባት ሆነ። ናጅዋ እንዳይናገር ተጠንቅቃ የስልኩን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ፊቱ እንደገና በራ። ከድንኳኑ «አሚን» ሲሉ እሷም «አሚን» አለች፤ ደግሞ ሲደበዝዝ ደግማ ነካችው።