ለቅሶ ግሩፕ የገባው ቀልድ

የመጀመሪያው የጥያቄ ምልክት የመጣው ዳቬይተን ሰፈር ካለ ሰው ነበር። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ አንድ ሰው «ኢናሊላሂ! ይሄ ምንድነው?» ብሎ ጻፈ።

ሚፍታህ በአጎቱ ሱቅ ጓዳ፣ «ባሌ» ከሚሉት የታሰረ ብርድልብስ ክምር ጀርባ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ለአጎቱ ልጅ ለሪሀና የላከው የሁለት ደቂቃ ቀልድ እሷ ጋ አልደረሰም። የገባው «የከቢር ለቅሶ» የሚል ስም ያለው የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ነው። ኮሮና ከመጣና ሰው መሰብሰብ ከተገደበ ወዲህ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት ድንኳን መትከሉ ቀርቶ ግሩፕ ይከፈታል። ከቢርን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሚፍታህ ራሱ ከአምስት ደቂቃ በፊት እዚያው «አላህ ይርሐመው» ብሎ ጽፎ ነበርና ግሩፑ ከሪሀና ስም በላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

ድምፁን ተጭኖ ያዘው። ሁለት ምርጫ መጣለት፤ ሳያነብ አንዱን ነካ። ድምፁ ጠፋ። እፎይ ብሎ ግድግዳውን ሲደገፍ ሪሀና ደወለች።

«ሚፍቲ፣ አጥፋው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«አጠፋሁት እኮ።»

«እኔ ጋ አለ! ኢሽ፣ ከራስህ ስልክ ብቻ ነው ያጠፋኸው!»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ያንተ መሆኑ ቀረ። የመቶ ሰማንያ ሦስት ሰው ነው።»

ቀልዱን የጻፈው ለአንድ የኢንተርኔት ስቱዲዮ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ላለው ሐበሻ በየሳምንቱ ቀልድ የሚያሰራጩ ልጆች፣ ለሦስት ወር በደመወዝ የሚጽፍላቸው አንድ አዲስ ሰው ይፈልጋሉ። ሦስት ቀልድ እስከ ዛሬ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሁለት ብቻ ያለው እንዳይልክ ብለዋል። ሚፍታህ ከዚህ በፊት ሁለቴ ልኮላቸው ሁለቴም መልሰውበታል። «እንደ ደብዳቤ ይነበባል» ነበር ያሉት። ይሄኛው ግን አብረው ሲለማመዱት ሪሀናን አስቆ ያስቋረጠ የመጀመሪያው ነው። በሽተኛ ሊያጽናና ስልክ እየደወለ የሞተውን ሁሉ የሚቆጥር አንድ ሽማግሌ አለበት። ስም አልጠራም። ድምፁ ግን ለታመመ ሁሉ የሚደውሉት የጋሽ አብዱልመጂድ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር።

አጎቱ ጣሃ ከፊት ለፊት ሱቁ መጋረጃ የምታማርጠውን ደንበኛ ትቶ መጣ።

«ውጣ ከዚያ! እንደ አይጥ ባሌ ውስጥ ትደበቃለህ?»

«ጋሼ፣ በስህተት ነው፣ ወላሂ።»

«ጋሽ አብዱልመጂድ ደወሉልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ሰላም ብለውኝ ዘጉት። ሃያ ዓመት ሳውቃቸው በአንድ ደቂቃ ስልክ ዘግተው አያውቁም። እሱ ነው ያስፈራኝ።» ጣሃ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ። «አሁን ሰአዳ ቤት ትሄዳለህ። እሳቸውም እዚያ ናቸው። ይቅርታ ትጠይቅና፣ ይሄን ነገር ሁለተኛ አልነካውም ትላለህ። በሁለቱም ፊት። ካላልክ ነገ እዚህ እንዳትመጣ፤ ባሌ የሚሸከም አላጣም።»

«እሺ።»

ጣሃ ሊሄድ ዞረና ቆመ። «አንዴ ስቄያለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማንም ትናገርና!»

ሰአዳ ቤት፣ ሮዘተንቪል ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የሟቹ የከቢር ሚስት ሰአዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረዋል። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ባዶ ነበሩ። እዚያ አንዱ ላይ አብዱልመጂድ ረጅም እግራቸውን አጣጥፈው፣ ማስካቸው ከአፍንጫቸው በታች ወርዶ ተቀምጠዋል። የቀብር ኮሚቴ ውስጥ መሆናቸውን ሚፍታህ ያውቃል። ሥራቸው ግን መዋጮ መሰብሰብና ስልክ መደወል ይመስለው ነበር።

«እትዬ ሰአዳ» ብሎ መንገድ ላይ ያጠናውን ጀመረ፤ «በዚህ ሰዓት በእርስዎ ሐዘን ላይ...»

«አልሰማሁትም» አለች ሰአዳ። «ስልኬን እንዳላለቅስበት ወስደውብኛል። አሰማኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ አያስፈልግም።»

«በገዛ ለቅሶዬ ሰው ሁሉ የሰማው ለእኔ ለምን ይቀርብኛል?»

«እኔ ጋ የለም። አጥፍቼዋለሁ።»

አብዱልመጂድ እጃቸውን ወደ ኮት ኪሳቸው ሰደዱ። «እኔ ጋ አለ» አሉ።

መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው ፈለጉና ስልኩን በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጡት። የሚፍታህ ድምፅ፣ ወደ ሽማግሌ ድምፅ ወፍሮ፣ ግቢውን ሞላው።

«አሎ! ትንሽ አሳለህ አሉ? ምንም አይደል፣ አይዞህ! ያ ባለ ብርድልብሱ ጎረቤትህም እንዳንተው ትንሽ ነበር ያሳለው። ማክሰኞ አሳለው፣ አርብ ቀበርነው። አንተ ግን ጠንካራ ነህ። ባለ ጫማውም ጠንካራ ነበር፣ አላህ ይርሐመው። ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ምንድነው?»

«ማክሰኞ» አለ በሽተኛው፤ እሱም የሚፍታህ ድምፅ ነው።

«ማክሰኞ? ኧ... በል አይዞህ።»

ድምፁ እስኪያልቅ ሚፍታህ አንገቱን አላቀናም። ሰአዳ አልሳቀችም።

«ቸኮልክ» አለች።

«እ?»

«እሳቸው የሟች ስም ይጠሩና ዝም ይላሉ። ከዚያ ነው አይዞህ የሚሉት። ዝምታው ነው እኮ ሰውን የሚገድለው። አንተ አከታተልከው።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ከቢር ሲያስመስላቸው ካንተ ይበልጥ ነበር።»

አብዱልመጂድ ቀና አሉ። «ከቢር?»

«ከቢር። እርስዎ ደውለው በዘጉ ቁጥር። ልጆቹ እስኪንከባለሉ ያስቃቸው ነበር። ሆስፒታል ገብቶም አንዴ በስልክ አድርጎልኛል፤ ሳሉ አላስጨረሰውም እንጂ።»

አሁን ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ፊቷን በነጠላው ሸፈነች።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር» አሉ አብዱልመጂድ፣ ለማንም ሳይሆን፤ «ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አላሳየኝም።»

ሚፍታህን ከሁሉም ያሳፈረው ይሄ ነበር። ስድብ ጠብቆ መጥቶ፣ ሽማግሌው ከጨዋታ እንደቀረ ልጅ ከፍቷቸው አያቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ስማ። ከሰኔ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ሰው ለቀብር አጥቤአለሁ። ከቢር አሥራ ዘጠነኛው ነው። ያንን የፕላስቲክ ልብስ ለብሰህ፣ መነጽርህ በእንፋሎት ታፍኖ... ሚስት አትገባ፣ ልጅ አይገባ። ሁለት ሰው ብቻ ነን። እቤቴ ስገባ ሚስቴ ማን ነበር ብላ አትጠይቀኝም፤ ትፈራለች። ከዚያ አንዱ ታመመ ይሉኛል። በርታ ልለው ነው የምደውለው። አፌን ስከፍት የሚወጡት እነዚያ ያጠብኳቸው ናቸው።» ስልካቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። «ሳቅ ሆኖ መሰማቱን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ለካ እንደዚያ ነኝ።»

«እንደዚያ ብቻ አይደሉም» አለ ሚፍታህ።

«ጣሃ አልነካውም በል ብሎ ልኮሃል አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ በላ።»

ሚፍታህ ወደ ሰአዳ አየ። ሰአዳ በነጠላዋ ጠርዝ አይኗን እየጠረገች መልሱን ትጠብቃለች።

«ብል ውሸት ይሆናል፣ ጋሼ። በለቅሶ ቤት መዋሸት ደግሞ ፈራሁ።»

አብዱልመጂድ ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው ከፍ አደረጉ፤ ፈገግ ይበሉ አይበሉ አልታየም። «ለጣሃ እኔ እነግረዋለሁ» ብለው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ጉልበታቸውን አመማቸው። «ነገ ጠዋት ደግሞ የማጥበው አንድ የቤኖኒ ከተማ ልጅ አለ። ሳይመሽ ቤቴ ልግባ።»

«ማን ይነዳልዎታል?»

«ማን አለኝ? እኔው።»

«እኔ ልንዳልዎት?»

ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልታግዘኝ ነው ልትጽፈኝ?»

«ሁለቱም ይመስለኛል» አለ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደጄ ሁን። ጓንት እኔ ጋ አለ።»

በሩን ከፍቶ ሲሸኛቸው ስልኩ ጮኸ። ሪሀና ነበረች።

«ሃያ ደቂቃ ቀረን! ሦስቱንም አዘጋጅቻለሁ። ልላከው?»

«ሁለቱን ላኪ።»

«አበድክ? ሦስት ካልሆነ አንከፍተውም ብለዋል እኮ! የሚወዱትም ያንን ነው!»

«አውቃለሁ። እሱ ገና አላለቀም በያቸው።»

«ምን ጎደለው ደግሞ?»

አብዱልመጂድ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው ያዳምጡ ነበር። በተዘጋው መስኮት በኩል የሚፍታህ የወፈረ ድምፅ ደብዘዝ ብሎ ይሰማል።

«ገና አላውቅም» አለ ለሪሀና። «ነገ ጠዋት ከእሳቸው ጋር እሄዳለሁ። ሁለቱን ላኪ።»