አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠረ ትንፋሽ

ደግሞ ወገቡ ላይ ጠቧል፣ አምና እንዲህ አልነበረም፣ ወይም ነበር፣ በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች፣ ማን ያያል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መድረክ ላይ ታናሽ እህት ሆና የዘፈነችበት ቀሚስ ነው። ዛሬ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ።

ከሚመጣው ወር ጀምሮ እናት ነሽ። ያሉት የዘፈን ቲያትር ቡድኑ ባለቤት ናቸው፣ ጋሼ ሰባት፣ ጠዋት የሩዝ ገንፏቸውን እፍ እያሉ፣ አራትዬ፣ አትቀየሚኝ፣ ዕድሜ ነው፣ ሕዝቡ እንደሆነ የእናት ልቅሶ ይወዳል። አራት የሚሏት ለእናቷ ሦስተኛ ስለሆነች ነው፣ በአገሩ ልማድ የልጅ ቆጠራ ከሁለት ይጀምራል፣ ስሟስ ኪም ቶዋ፣ ማስታወቂያው ላይ ከመብራት ሠራተኛው ከፍ ብሎ በትንሹ ተጽፏል። የማን እናት ነው የምሆነው? የሌ ሃንግ፣ የዋናዋ ተዋናይት። ሌ ሃንግ እኮ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች! ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ በዚያው አለቀ።

እናቶች ቁልቁለቱን አይዘፍኑም። እናቶች ሁለት ስንኝ ይሉና አስለው ይሞታሉ።

ቁልቁለቱ፣ ስንኙ ሊያልቅ ሲል ድምፁ የሚወርድበት፣ የሚወርድበት፣ ከዚያ ባለጊታሩ በእግሩ ምት መምቻዋን ትንሽ እንጨት ጠቅ ያደርግና ሕዝቡ ያጨበጭባል። የሳ ዴክ ከተማ አሮጊቶች ለታሪኩ አይመጡም፣ ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል፣ የሚመጡት ለዚያች ነው። ሁለተኛ ተዋናይት ደግሞ ታሳጥራታለች፣ ጭብጨባው ለመጀመሪያዋ እንዲተርፍ። የትም አልተጻፈም። በመጀመሪያው ዓመት ካን ቶ ከተማ ላይ አልገባትም ነበር፣ እስከ መጨረሻው ለቀቀችው፣ አዳራሹ ተናጋ፣ የሌ ሃንግ ተራ ሲደርስ የሰው እጅ ደክሟል። ማንም አልተቆጣትም። ሦስት ቀን ሻይ የቀዳላት ሰው አልነበረም፣ ያ ብቻ። ገባት።

አራትዬ፣ መርፌ ቁልፍሽ ይታያል፣ ትላለች ሌ ሃንግ አጠገቧ ቆማ፣ ማር በሙቅ ውኃ እየጠጣች። ትኩሳት ከያዛት ወዲህ ድምጿ ተሰንጥቋል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይልም።

ይታይ።

እናቴ ልትሆኚ ነው አሉኝ።

አዎ፣ ካሁን በኋላ አምሽተሽ ብትገቢ ወዮልሽ።

ሂጂ ወዲያ! አንቺን ብሎ እናት፣ ቀሚስሽን እንኳ የምሰፋልሽ እኔ።

እውነቷን ነው፣ ሁለቴ ሰፍታላታለች፣ ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። ዛሬ ከለቀቀችው ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ከኋላዋ ይመጣል፣ ራቁቱን፣ ሕዝብ ፊት። ካልለቀቀችው ደግሞ፣ ካልለቀቀችው ምንም አይሆንም፣ ማንም አያውቅም፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደነበራት ማንም። ግቢ፣ ግቢ፣ ይላሉ ጋሼ ሰባት።

ፀሐዩ በድንኳኑ ቀዳዳ ገብቷል፣ አንዲት ሴት ልጇን ብርቱካን ታጎርሳለች፣ ጊታሩ ጀመረ፣ ቃሉ በራሱ ይወጣል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ እህቴ ሆይ ወንዙ ሞልቷል አትሻገሪ፣ ይወርዳል፣ እዚህ ጋ ነው የምትቆርጠው፣ እዚህ። አትቆርጥም። ባለጊታሩ ቀና ይላል፣ እግሩ አየር ላይ ቀርቷል፣ ይጠብቃታል፣ ገና ነኝ፣ ገና፣ ሆዷ ውስጥ ብዙ ትንፋሽ አለ፣ ያ መርፌ ቁልፍ ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ ይሂድ፣ ሴትዮዋ ብርቱካኑን እንደያዘች ቀርታለች፣ አሁን።

ጠቅ።

ከዚያ ጭብጨባው።

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ጊዜ ጎንበስ ብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትል ነበር፣ ሌ ሃንግም ትገባ ነበር፣ ሌ ሃንግ ግን አትገባም፣ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች፣ በአገጯ እዚያው ሁኚ ትላታለች፣ ጭብጨባው አያቆምም፣ ሌሎቹ ይህን ሲቀበሉ ምን ያደርጋሉ፣ ስንት ጊዜ አይታለች፣ እጃቸውን የት ነበር የሚያደርጉት