ስድስተኛው መንጋጋ

የውጭው በር ሲጢጥ ሲል ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ቶሎ ዘግታ ባሏ ወንበር ላይ ወደነበረበት መለሰችው። ቦታ ማመልከቻው፣ አሮጌ የአውቶቡስ ትኬት፣ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ መሆኑን አየችና ወደ ስፌት መኪናዋ ሮጠች። ባሏ ዳቦውን ታቅፎ ሲገባ አቀርቅራ መኪናውን እየረገጠች ነበር። መርፌው ላይ ክር አልነበረም፤ ደግነቱ እሱ እንዲህ ያለውን ነገር አያይም።

"ዛሬ ለልጃችን የዝሆኖቹን እግር ነገር ነው የምነግራት" አለ ገና ዳቦውን ሳያስቀምጥ። "ዝሆን በእግሩ ይሰማል ብላት ታምነኛለች?"

"እኔስ መች አመንኩህ" አለች። ውሸቷን ነው።

ባሏ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቀን ከተሳፋሪ የለቀመውን ወሬ ማታ ለባልደረቦቹ እያጣፈጠ የሚያወራ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ቤት መዋል ሲጀምር ግን የሚያወራው ጠፋና ከግድግዳው ጋር ሊጣላ ደረሰ። መጽሐፍ መደብር የምትሠራው ልጃቸው ስለ ዝሆኖች የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ያመጣችለት ያኔ ነው። ሙሉ ቀን ቀስ እያለ ያነባል፣ ማታ ያነበበውን ለሚስቱ ያወራል። ዝሆኖች የመሬቱን ንዝረት በእግራቸው እንደሚያዳምጡ የነገራት ዕለት ጫማና ካልሲውን አውልቆ ወለሉ ላይ ቆመና ዓይኑን ጨፍኖ "ጎረቤታችን ሳህን እያጠበች ነው" ብሎ በሳቅ ገድሏታል።

እሷ ያንን ምዕራፍ ካነበበችው ሰንብታለች። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ጨርሳ አሁን የወደደችውን እየመረጠች ትደግመዋለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንበቧን ካወቀ ማውራቱን ይተዋል። ማውራቱን ከተወ ደግሞ ያ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ የሚቀመጠው ሰውዬ ይመለስባታል።

ልጅቷ ለምሳ ስትደርስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ እንደ ልማዷ ጠየቀች፦

"እሺ፣ ማን ምን እያነበበ ነው? ከእኔ ልጀምር። እኔ ስለ እንቅልፍ ነው የማነበው። ሁለት ገጽ ሳልገፋ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል፣ ስለዚህ መጽሐፉ እውነቱን ነው ማለት ነው። አንቺስ እማዬ?"

"እኔ ምን ጊዜ አለኝ? ይሄ ሁሉ የተማሪ ሸሚዝ ቁልፍ ሳይተከልለት ቁጭ ብሎ!"

"አባዬስ?"

አባትየው ይህችን ነበር የሚጠብቀው። ተነሣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ወለሉ ላይ ቆመ፤ ልጅቷ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ሚስቱም አዲስ የሰማች ያህል አብራ ሳቀች። በድል አድራጊነት ተመልሶ ተቀመጠና የዳቦውን ቅርፊት ሲነክስ ፊቱ ጭምድድ አለ። ጉንጩን ያዘ።

ሳቁ ምላሷን ፈትቶት ነበርና ሚስቱ "አይዞህ፣ እንደ ዝሆኑ ስድስተኛው መንጋጋህ ላይ ደርሰህ ነው!" አለችው።

"የምን ስድስተኛ?" አለ ባሏ።

"አባዬ፣ ዝሆን በዕድሜው ስድስት ዙር መንጋጋ ነው የሚያበቅለው፤ ስድስተኛው የመጨረሻው ነው" አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ የመንጋጋው ነገር እኮ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ነው ያለው።"

"እኔ አምስተኛው ላይ ነኝ" አለ አባትየው።

ልጅቷ ነገሩ ገባትና ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ሹልክ አለች።

"እስከየት አነበብሽው?" አለ ባልየው።

"ጨርሼዋለሁ።"

"እና ማታ ማታ 'ተው እንጂ! እውነትህን ነው?' የምትይኝ ስታሾፊብኝ ነዋ!"

"ልጄ ትሙት አላሾፍኩም!"

"እማዬ፣ በራስሽ ማዪ!" የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ።

ማንም አልሳቀም። ሚስትየው ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። "መጽሐፉ ውስጥ እኮ ሳህን የምታጥብ ጎረቤት የለችም። አንተ ስታወራው ነው ደስ የሚለኝ። ማንበቤን ካወቅህ ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ።"

ባልየው ትኬቱን ከመጽሐፉ ውስጥ አወጣና መልሶ አስገባው። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያልጠበቀችውን ጥያቄ ጠየቃት።

"ግን መቼ ነው የምታነቢው? እኔ ሁልጊዜ የማይሽ ስፌት ላይ ነው።"

"ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ። አለዚያም ወጥ ቤት ቆሜ፣ ሽንኩርቱ እስኪበስል።"

"ቆመሽ?"

"ከተቀመጥኩማ ሥራውን ማን ይሠራዋል?"

ምንም ልትወቅሰው ብላ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የነገረችው። እሱ ግን ቀና ብሎ የሸሚዙን ክምር አየ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ የሚውልበትን ወንበር። ኩርፊያው ከፊቱ ላይ ጠፍቶ አንገቱ ድረስ ሲቀላ አየችው፤ አንጀቷን በላት።

ልጅቷ እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። ከቦርሳዋም አንድ መጽሐፍ አወጣች። "ለአባዬ ያመጣሁት ነበር። ስለ ባሕር ወለል ነው፤ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ ስለሚኖሩ ዓሣዎች። ምነው፣ ልመልሰው እንዴ?"

አባትየው ተቀበላት። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጥርሳም ዓሣ ትኩር ብሎ አየ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ አደረገ፤ ማንበብ እንዳማረው ሁለቱም አይተዋል። ከዚያ ዘጋውና ሚስቱ ጭን ላይ አስቀመጠው። የሸሚዙን ክምር ወደ ራሱ ጎተተ።

"መርፌው የት ነው?"

"አንተ? ቁልፍ ልትተክል?"

"ያን ሁሉ ዘመን መሪ ያዞረ እጅ ቁልፍ ያቅተዋል? ነይ ተነሺ፣ እዚያ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ጀርባዋን ስታስደግፍ ወንበሩ እንዲህ ምቹ መሆኑ ገረማት። ባሏ መስኮቱ ጋ ሆኖ ክሩን በምራቁ እያራሰ የመርፌውን ቀዳዳ ይስታል፤ ልጅቷ ላግዝህ ስትለው በክርኑ ገፋት። ሚስትየው የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ጉሮሮዋን ጠረገችና ለእሱ እንዲሰማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"ተይ፣ ለእኔ አይደለም" አለ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ። "ለራስሽ አንብቢ። ማታ ትነግሪኛለሽ።"