የመላጫዎቹ ደብተር

ባሌ ኤልዉድ ሠላሳ አንድ መላጫ አለው፤ ፊቱ ግን አንድ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን እላለሁ፤ ከእንግዳው ቀድሞ የሚስቀው ራሱ ኤልዉድ ነበር። ዘንድሮ መሳቁን ተወ።

መላጫዎቹ ተላጭተው የሚጥሏቸው የፕላስቲክ ዓይነት እንዳይመስሏችሁ። አያቶቻችን የተላጩባቸው፣ ባለ አንድ ስለት፣ ከበድ ያሉ የነሐስ ዕቃዎች ናቸው። አናታቸው እንደ ሣጥን ክዳን ይከፈታል፤ ጀርባው ወፈር ያለ አንድ ምላጭ ይገባና ክዳኑ ይዘጋል። ከፊት ለፊት በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ጥቃቅን ጥርሶች ምላጩ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ያግዱታል። ኤልዉድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀመ ያመጣቸውና በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋቸዋል። አንድ ጊዜ በሾርባ ድስቴ ሲቀቅላቸው ይዤው ሦስት ቀን ሙሉ አላናገርኩትም።

እንደ እሱ ያሉ አምስት ሰዎች አሉ፤ እዚሁ በፔንሲልቬንያ ኮረብታዎች መካከል ተበታትነው የሚኖሩ። ስድስት ሆነው ዙር ይዘዋል። ተራው የደረሰው አንድ መላጫውን ከአንድ ደብተር ጋር በካርቶን አሽጎ ይልካል። የተቀበለው ሰው ሳምንት ይላጭበትና የታዘበውን ጽፎ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። የሁሉም ቃል ከሠፈረ በኋላ መላጫው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሕጋቸው አንድ ናት፦ ደብተሩ ላይ አይዋሽም። ለሚስት ይዋሻል፣ ለግብር ሰብሳቢ ይዋሻል፣ ደብተሩ ላይ ግን አይዋሽም። የመጨረሻው ጻፊ ኤልዉድ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም የሱ ቃል ይታመናል። ገር ነው ካለ ገር ነው፤ ክፉ ነው ካለ ክፉ ነው።

ፊቱ መቆራረጥ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። አንድ ቀን ለቁርስ ሲመጣ አገጩ ላይ የሶፍት ቁራጭ ተለጥፏል፣ ጉንጩ ላይ ሌላ፣ ከጆሮው ሥር ደግሞ ሌላ።

«ምነው፣ ከአውራ ዶሮ ጋር ተጣላህ እንዴ?» አልኩት።

«መላጫው ነው። የክላይድ አባት መላጫ። አውሬ ነው!»

ክላይድ ከዙሩ ሰዎች አንዱ ነው፤ ከኮረብታው ማዶ ከብት ያረባል። አባቱ ከሞቱ ወዲህ መላጫቸውን ለማንም አስነክቶ አያውቅም ነበር፤ ለዙሩ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነው። እኔም አሮጌ ብረት ምን ይታመናል ብዬ ተውኩት። ሐምሌ ላይ የሌላ ሰው መላጫ መጣ፤ ያም አውሬ ሆነ። ነሐሴ ላይ ሦስተኛው መጣ፤ እሱም አውሬ።

ካርቶኑን ማሸግ የእኔ ሥራ ነው፤ ኤልዉድ ማሸጊያውን ከጣቱ ጋር ያጣብቀዋል። በነሐሴ መጨረሻ ለማሸግ ስቀመጥ ደብተሩን ገልጬ አነበብኩት። ስለ ክላይድ አባት መላጫ አንዱ «ዓይኔን ጨፍኜ ብላጭበትም አይነካኝ» ብሏል። ሌላው «ለልጅ ልጄ የምሰጠው እንዲህ ያለውን ነበር» ይላል። አምስቱም ገር ነው ብለዋል። ከሥራቸው የኤልዉድ ጽሕፈት አለ፦ «ይነክሳል። ጥርሱ ወጣ ብሏል። ተጠንቀቁ።» ገጹን ገለበጥኩ። አምስት ሰው ገር፣ ኤልዉድ ይነክሳል። ደግሜ ገለበጥኩ፤ ያው ነው። ድሮ ሰፋፊ የነበረው ጽሕፈቱም ወደ መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ እያነሰ እያነሰ የጉንዳን እግር ያህላል።

ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ካርቶኑንም ሳላሽገው ተውኩት። ቡና ራሱ መቅዳት መተዉን፣ ገበታ ላይ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር መደበቁን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮፍያውን አጥብቆ መጨበጡን ሁሉ አይቼ ነበር። አይቼ ግን እንዳላየሁ አልፌው ነበር።

ኤልዉድ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ቢጫው አውቶቡስ የሚያድረው በግቢያችን ነው፤ ቁልፉ ወጥ ቤት ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ትምህርት ሲከፈት በየጠዋቱ ሠላሳ አራት ልጆች ጭኖ የብላክ ሪጅን ቁልቁለት ይወርዳል። ትምህርት የሚከፈተው ደግሞ ሰኞ ነው።

ሐሙስ ዕለት የመታጠቢያ ቤቱን መሳቢያ ሳጸዳ እግዜር የታረቀኝ መሰለኝ። የመስኮት ቀለም መፋቂያ ምላጭና ለእነዚህ መላጫዎች የሚሆነው ምላጭ መልካቸው አንድ ነው፤ ቁመታቸው አንድ፣ ጀርባቸው ወፍራም። ልዩነቱ አንዱ ለመስታወት፣ ሌላው ለቆዳ መሠራቱ ነው። ከእነዚህ ስድስት ሰዎች በቀር ማን ይሳሳትበታል? ሁለቱ ፓኮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሦስተኛውን መላጫ ክዳን ከፈት ሳደርግ ውስጡ ያለው የቀለም መፋቂያው ነው!

«እሰይ!» አልኩ ብቻዬን። «አንተ ደደብ ሽማግሌ፣ እሰይ!»

ትክክለኛውን ምላጭ ከተትኩበት፤ የቀለም መፋቂያዎቹን ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። በባሌ ሞኝነት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለራቱ የሚወደውን የድንች ጥብስ ሠራሁለት፤ ምን ተገኘ ቢለኝ ምንም አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። እነዚህ መላጫዎች ድምፅ አላቸው፤ ጢሙን ሲቆርጡት ደረቅ ቅጠል የሚረገጥ ይመስላል። አላጫጩን ደግሞ በድምፁ አውቀዋለሁ፦ አንድ ረጅም ጉዞ፣ ውሃ፤ አንድ ረጅም ጉዞ፣ ውሃ። ያን ቀን የሰማሁት ቁርጥርጥ ያለ ነገር ነው። ክር… ክርክር… ዝም። ክርክር። ከዚያ የታፈነች «አህ!»።

ኮሌታው ደም ነክቶት ወጣ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«ምላጩን ትናንት ቀይሬዋለሁ» አልኩት። «የቀለም መፋቂያ ነበር የከተትክበት። አሁን ያለው ትክክለኛው ነው።»

ኮሌታውን በፎጣ አበሰ። «እንግዲያው መላጫው ነው።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«አምስት ሰው ገር ነው ያለው?»

«ቆዳዬ አርጅቷል፣ ዶሪን።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እጅህን አሳየኝ።»

ኪሱ ከተተው።

«ሰኞ ትምህርት ይከፈታል፣ ኤልዉድ። የሰው ልጆች ናቸው።»

«ሐኪም አይቶኛል። መጋቢት ላይ የሾፌሮችን ምርመራ አልፌያለሁ።»

«መጋቢት ላይ አትንቀጠቀጥም ነበር!»

በቤታችን ያን ቃል ስንጠራው የመጀመሪያችን ነው። እሱ ፎጣውን አጣጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው።

«መሪ ስይዝ ይተወኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሙች እልሻለሁ፣ መሪ ስይዝ ይተወኛል።»

ይተወኛል ማለቱ እንዳለበት ማመኑ ነው፤ ይህን ሁለታችንም ሰማነው። ቢሆንም ጥሎኝ ወደ ጓሮ ወጣ።

አውቶቡሶቹን የምትመራው ጆላይን ናት፤ ስልኳ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። አርባ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ከጀርባው ላሳጣው ነው? ሥራውን ብቻ አይደለም የማሳጣው፤ ልጆቹ በስሙ ይጠሩታል፣ ያደጉት ደግሞ የራሳቸውን ልጆች እሱው አውቶቡስ ላይ ጭነዋል። ካልደወልኩ ደግሞ ብላክ ሪጅ አለ። ሰኞ ጠዋት እጁን ወደ ሚስማሩ ከዘረጋ እደውላለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተማማልኩ። ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ጠላሁት፤ ከጎኑ ተኝቼ።

ቅዳሜ ክላይድ አንድ ከረጢት የበቆሎ እሸት ተሸክሞ መጣ። በቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ከኪሱ የታጠፈ መሐረብ አወጣ። የአባቱ መላጫ ነው።

«አበላሸሁት» አለው ኤልዉድን። «አንተ ጥርሱ ወጣ ብሏል ብለህ ስትጽፍ፣ ትንሽ ልመልሰው ብዬ በፒንሳ ጫን ባደርገው ቀጭ!»

ከሁለቱ ጥርሶች የግራው የለም። ምላጩን የሚይዘው ነገር ስለሌለ አሁን ማንም ሊላጭበት አይችልም።

«አንተ ራስህ ገር ነው ብለህ ጽፈህ የለ?» አልኩት፤ ድምፄ ወጣ ብሎ።

«ብያለሁ። ግን ኤልዉድ ይነክሳል ካለ ይነክሳል። የእኔ ቆዳ የበሬ ስለሆነ ይሆናል አልኩ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልረዘመም። «አባቴ ሃምሳ ዓመት ተላጭቶበታል። ሲሞትም በሱ ነው የላጨሁት። ትጠግንልኛለህ፣ ኤልዉድ?»

ኤልዉድ በግራ እጁ ተቀበለው። ክዳኑን ለመክፈት ቀኙን ማውጣት ነበረበት፤ አወጣው። ነሐሱ እርስ በርሱ ይንኳኳ ጀመር። ቶክ ቶክ ቶክ ሲል ሦስታችንም ሰማን፤ ሦስታችንም በቆሎውን አየን።

«አያስቸኩልም» አለ ክላይድ በመጨረሻ፤ ኮፍያውን አንሥቶ። «በቆሎውን ግን ዛሬውኑ ቀቅሉት፤ ካደረ ይጠነክራል።»

ኤልዉድ እሑድን ከመሥሪያ ክፍሉ አልወጣም። ምሳ ብዬ ብጠራው አልመጣም። በመስኮት ሳየው መበየጃውን ለኩሶ፣ መላጫውን በጉጠት አስሮ፣ ቀኝ ክንዱን በግራው ጨብጦ ይዟል። ቆይቼ ስመለስ መበየጃው ጠፍቷል፤ እሱ እንደተቀመጠ ነው። ልገባ ፈልጌ ነበር። የበሩን እጀታ ነክቼ ተመለስኩ።

ሰኞ ማለዳ የቀሰቀሰኝ የመላጫው ድምፅ አለመኖሩ ነው። አልጋው ባዶ ነው። ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ፤ ሚስማሩ ላይ ቁልፉ የለም።

ኤልዉድ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ከተጋባን ጀምሮ በሥራ ቀን ሳይላጭ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ነጭ ጢሙ በአንድ ሌሊት ያስረጀው መሰለኝ። ደብተሩ ከፊት ለፊቱ ተገልጦ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ላዩ ላይ ነው። ቁልፉን ገፋ አድርጌ አነበብኩ። በግራ እጁ የጻፈው መሆን አለበት፤ ፊደሎቹ እንደ ሕፃን ፊደል ተንጋደዋል።

«ሦስቱም መላጫዎች እንከን የላቸውም። በሦስቱ ላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ ሰርዙት። የሚነክሰው እጄ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ክላይድ፣ የአባትህን መላጫ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ኤልዉድ።»

ዓርብ የጠላሁት ሰው ነው። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ ይዤ አለቀስኩ፤ ጢሙ በሌሊት ልብሴ አልፎ ወጋኝ።

«ውሰጂው» አለኝ ቁልፉን ሳያይ። «አሁኑኑ ለጆላይን ስጫት። ሌላ ሾፌር ለመፈለግ ገና ሰዓት አላት። እኔ ጋ ከዋለ እነዳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ካንተ አፍ ብትሰማው አይሻልም? ደውልላት።»

«ደውዬ ነበር። ‹ኤልዉድ፣ ዝግጁ ነህ?› አለችኝ። ‹ዝግጁ ነኝ› ብዬ ዘጋሁት።»

ሁለታችንም ስልኩን አየነው። ከዚያ ኮቴን ከሌሊት ልብሴ ላይ ደረብኩና ቁልፉን ያዝኩ።

«እና ምን ልበላት?»

ደብተሩን ዘጋና ሰጠኝ፤ በቀኝ እጁ፣ እንደተንቀጠቀጠ፣ ሳይደብቀው።

«ምንም አትበያት» አለኝ። «ይህን አሳያት። እዚህ ላይ አይዋሽም።»